ለአራት የተካፈልነውን የፖከር ገንዘብ ታክስ ያሠራሁበት ቢሮ

ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክስ የሚሠራ ሐበሻ ማግኘት አይቸግርም። በሌሎች ሰዎች ገንዘብ ጭምር ተጫውቶ ያሸነፈ ሰው ወረቀቱን እንዴት መያዝ እንዳለበት የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘት ግን ሁለት ወር ያህል ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ ያገኘሁትን አነስተኛ ቢሮ፣ ስሙን ሳልጠቅስ፣ ምን እንደሠራልኝና የት ላይ ቅር እንዳሰኘኝ እዚህ አስፍሬአለሁ፤ በከተማችን ታክሲ እየነዱ ቅዳሜና እሑድ ፖከር የሚጫወቱ ብዙዎች ስላሉ ይጠቅማቸዋል ብዬ አስባለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 መግቢያው 1,500 ዶላር የሆነ ውድድር ገብቼ 41,200 ዶላር ደረሰኝ። መግቢያውን ብቻዬን አልከፈልኩም፤ ሦስት ጓደኞቼ 450፣ 300 እና 150 ዶላር አዋጥተው የ30፣ የ20 እና የ10 በመቶ ድርሻ ገዝተውኝ ነበር። ከኬጁ (ከካዚኖው ገንዘብ መክፈያ መስኮት) ገንዘቡን ስቀበል ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን ሰጥቼ ስለነበር ምንም አልተቆረጠብኝም፤ የተሰጠኝ ደብሊው-ቱ-ጂ የሚባለው የቁማር ገቢ ማስታወቂያ ወረቀት ግን መግቢያው ተቀንሶ 39,700 ዶላሩን በሙሉ በእኔ ስም መዝግቦታል። በዚያው ሳምንት ለጓደኞቼ ድርሻቸውን በዜል (በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ) ላክሁላቸው፣ ጉዳዩም ያለቀ መሰለኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሌላ ቢሮ 190 ዶላር ጠይቆኝ ሥራውን በአርባ ደቂቃ ጨረሰው። ሙሉውን 39,700 በገቢዬ ላይ አስገባና ለጓደኞቼ የከፈልኩትን ስኬጁል ኤ በሚባለው ተቀናሾች አንድ በአንድ በሚዘረዘሩበት ቅጽ ላይ የቁማር ኪሳራ አድርጎ ጻፈው። ላየው ሰው ሒሳቡ የተጣጣመ ይመስላል፤ ነገር ግን በስኬጁል ኤ የሚያሠራ ሰው ለላጤ በ2024 የተፈቀደውን የ14,600 ዶላር መደበኛ ቅናሽ አብሮ መውሰድ አይችልም፣ ስለዚህ እኔ ያልበላሁትን ገንዘብ ለማስቀነስ ስል በእጄ ያለውን ቅናሽ ልጥል ነበር። ከዚህም ሌላ ጠቅላላ ገቢዬ ከፍ ስለሚል በማርኬት ፕሌስ (በመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ መግዣ) በኩል ለጤና ኢንሹራንሴ የማገኘው ድጎማ ይነካል። ይህን ስጠይቅ ሠራተኛው «እንግዲያው ፕሮፌሽናል ተጫዋች እንበልህና በስኬጁል ሲ እንሥራው» አለኝ፤ ይህ በግላቸው የሚሠሩ ሰዎች የሥራ ገቢያቸውን የሚሞሉበት ቅጽ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ታክሲ የምነዳ ሰው ነኝ! ሳልፈርም ወጣሁ።

ሁለተኛው ቢሮ ያለችው ባለሙያ ኢንሮልድ ኤጀንት (ከመንግሥት ፈቃድ ያላት የታክስ ባለሙያ) ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ኮምፒውተሩን ሳትነካ ወረቀት ስባ አራት አምዶች አሰመረችና «ጋሼ፣ መጀመሪያ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ መቼና በምን እንደላከልዎ ይንገሩኝ» አለችኝ። ቀጥላ ከውድድሩ በፊት የተጻጻፍነውን የቫይበር መልእክት ጠየቀችኝ። እድሌ ሆኖ አልሰረዝኩትም ነበር፤ «30ውን እኔ ወስጃለሁ» የሚለው መልእክት ውድድሩ ከመጀመሩ ከሁለት ቀን በፊት የተጻፈ መሆኑን ስታይ ቀኑን በቢጫ ቀለም አሰመረችበት። ምክንያቷንም ነገረችኝ፦ ድርሻው ከጨዋታው በፊት የተሸጠ ከሆነ ያ ገንዘብ መጀመሪያውኑ የጓደኛዬ ነው፤ ካሸነፍኩ በኋላ ቆርሼ የሰጠሁት ከሆነ ግን ስጦታ ነው፣ ታክሱም የእኔው ነው።

ሥራው ይህን ይመስላል። ስኬጁል 1 በሚባለው የተጨማሪ ገቢ ቅጽ ላይ ደብሊው-ቱ-ጂው ያለውን 39,700 እንዳለ አስገባች፣ ምክንያቱም አይ.አር.ኤስ. (የአሜሪካ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት) ያው ወረቀት ስለሚደርሰው ቁጥሩ ከጎደለ ደብዳቤ መላኩ አይቀርም። ከዚያ የጓደኞቼን 11,910፣ 7,940 እና 3,970 ዶላር፣ በድምሩ 23,820፣ በሌሎች ሰዎች ስም የተቀበልኩት ገንዘብ መሆኑን ከሚገልጽ ማብራሪያ ጋር ቀነሰችው። በእኔ ላይ የቀረው 15,880 ነው፤ መደበኛ ቅናሼም አልተነካም። ለሦስቱም ጓደኞቼ የደረሳቸውን ገንዘብ የሚያሳይ 1099 የሚባል የገቢ ማስታወቂያ ወረቀት አዘጋጅታ ሰጠችኝ። ስኬጁል ሲ ስለሚባለው ስጠይቃት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 የሰጠው የግሮትዚንገር ውሳኔ ቁማርን እንደ ሥራ የሚቆጥረው ሰውየው በሙሉ ጊዜው፣ ሳያቋርጥና ለመተዳደሪያ ሲጫወት መሆኑን አስረዳችኝ፤ በዚያ ላይ 15.3 በመቶ የሚሆን የግል ሥራ ታክስ እንደሚከተል ጨመረችልኝ።

ለእኔ ትልቁ ጥቅም ግን ስለ ፎርም 5754 የነገረችኝ ነው። ይህ ወረቀት ስሙን እንኳ ሰምቼው የማላውቀው ሲሆን የጋራ ሎተሪ ቆርጠው ለወጣላቸው ሰዎች ጭምር ያገለግላል፦ በመጀመሪያው ክፍል ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው፣ በሁለተኛው ክፍል ደግሞ የሚካፈሉት ሰዎች ስም፣ አድራሻ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና ድርሻ ይሞላል። ወረቀቱ ለካዚኖው የሚሰጥ ነው፣ አይ.አር.ኤስ. አይላክም፤ ካዚኖው በእሱ ላይ ተመሥርቶ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ደብሊው-ቱ-ጂ ያወጣል። ይህን በኬጁ ላይ አድርጌው ቢሆን ኖሮ የሚያዝያ ጭንቀቴ ግማሹ አይኖርም ነበር። አንዳንድ ኬጅ ለፖከር ድርሻ ይህን ፎርም መቀበል ስለማይወድ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት እንድጠይቅ መክራኛለች።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም በሚቀጥለው ውድድር 10 በመቶ ልግዛ ብሎኝ ነበር። እሷ ግን ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌላት ከነዋሪ ውጭ ለሆነ ሰው የሚደርሰው የቁማር ገንዘብ 30 በመቶ እንደሚቆረጥበት፣ ኪሳራውንም ማስቀነስ እንደማይችል ነግራኝ እኔም ለወንድሜ በትሕትና እምቢ አልኩት። እስካሁን አኩርፎኛል።

እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ደግሞ የመጀመሪያው ቢሮ አሠራር የባሰ እንደሚጎዳ አሳይቶኛል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት ከቁማር ኪሳራው ውስጥ ከገቢ ላይ የሚቀነሰው 90 በመቶው ብቻ ነው። በዓመት 50,000 አሸንፎ 50,000 የተበላ ሰው በ5,000 ዶላር ላይ ታክስ ይከፍላል ማለት ነው። የጓደኞቼ 23,820 ዶላር በኪሳራ ስም ቢገባ ኖሮ በዚህ ሕግ 2,382 ዶላር እጄ ላይ ሳይቀር እንዲሁ ታክስ ይታሰብበት ነበር።

ቅሬታዬንም አልደብቅም። ክፍያው 420 ዶላር ነው፤ ለሦስቱ 1099 ተጨማሪ እንደሚከፈል በመጀመሪያው ቀን አልተነገረኝም። በመጋቢት ስልክ አይነሳም፣ መልእክት ቢተዉም መልሱ በአምስት ቀን ነው። ከዚህ የከፋው ግን ለጓደኞቼ 1099 እንደሚደርሳቸው አስቀድሜ እንድነግራቸው ያስታወሰችኝ ሰው አለመኖሩ ነው፤ እርግጥ ቢሮው የደረስኩት 1099 ለተቀባዩ የሚሰጥበት ጃንዋሪ 31 ካለፈ በኋላ ስለሆነ ጥፋቱ የእኔም ነው። 20 በመቶ የገዛው ጓደኛዬ ታክሱን አሠርቶ ጨርሶ ስለነበር እንደገና ማስተካከያ ማስገባት ግድ ሆነበት፣ ለሁለት ሳምንትም ስልኬን አላነሳም።

በዚህ ዓመት አራታችን ገና ከውድድሩ በፊት ስማችንን፣ ድርሻችንንና ያዋጣነውን ጽፈን ፈርመናል። ፎቶ ኮፒው እሷ ዘንድ ፋይል ውስጥ አለ፤ ዋናው ደግሞ ባዶ ፎርም 5754 ተደርቦበት በታክሲዬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።