ስጋ የማይሠራበት የፒያሳ ምሳ ቤት

ፒያሳ ውስጥ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ከቤኒን መስጊድም በእግር የሚደረስ አንድ ምሳ ቤት አለ። በሩ ላይ ከ«ምግብ ቤት» ሌላ ምንም አልተጻፈበትም፤ ተመላላሹ «እትዬ ቤት» ይለዋል። 6 ጠረጴዛ፣ 1 የእጅ መታጠቢያ፣ ከጀርባ ጠባብ ማድ ቤት፣ በቃ። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ሙስሊም፣ እሷ ኦርቶዶክስ። ሒሳብ የሚይዘው ልጅ እሷ ከመጀመሪያ ትዳሯ የወለደችው ነው። አብረው የወለዷት ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ታስተናግዳለች። እንጀራ የምትጋግረው ከወሎ የመጣች የባልየው የእህት ልጅ ናት።

እንዲህ ያለ ቤተሰብ አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ ቤት ሲከፍት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይጣፍጣል ወይ?» ተብሎ አይደለም፤ «ስጋው የማን ነው?» ተብሎ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየእምነቱ የታረደውን ነው የሚበላው። ሁለቱንም ላስተናግድ ያለ ሰው ሁለት ፍሪጅ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት ቢላ ያስፈልገዋል፤ በትክክል ከተሠራ ደግሞ ሁለት ማድ ቤት። በዚህ ስፋት ያ አይታሰብም። አንዱን ወገን መርጦ መሥራት ቢቻልም፣ ከባልና ሚስቱ አንዱ በገዛ ቤቱ የማይቀምሰውን ሲሸጥ ሊውል ነው። ስለዚህ ስጋን ጭራሽ አስቀሩት። ጥብስ የለም፣ ቦዘና ሽሮ የለም። ያለው ሽሮ፣ በያይነቱ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ አይብ በጎመን፣ አንዳንዴም ዓሣ ነው። ዓሣው በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ስላላለቀ በጾም ቀን አይወጣም። ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

የቤቱ ሙያ የሚታየው ግን በሽሮ ድስቶቹ ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ ክርስቲያኑ የጾም ሽሮ ሲያዝ ሙስሊሙ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ምድጃ፣ በቅቤ ይፈልጋል። ሸክላ ደግሞ ቅቤ ይጠጣል፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ቢታሸም ሲግል መልሶ ያወጣዋል። ስለዚህ ጆሮው ላይ ቀይ ሽቦ የታሰረበት ሸክላ ሁሉ የፍስክ ነው፤ ሽቦ የሌለው ቅቤ ነክቶት አያውቅም። የጾሙ ማማሰያ እንጨት፣ የፍስኩ ብረት ነው። እንቁላል የሚጠበስበት መጥበሻም ለብቻው ይሰቀላል። የጾም ሽሮ አዝዛችሁ ቀይ ሽቦ ያለው ከመጣላችሁ መልሱት፤ ማንም አይቆጣም፤ ሳይከራከሩ ይቀይሩላችኋል።

ተጋቢኖው ጥሩ ነው። ሽንኩርቱ በደንብ ቁሌቱ እስኪወጣ ይቁላላል፤ ለ1 ብርጭቆ የሽሮ ዱቄት 2 ብርጭቆ ተኩል ያህል ውሃ ይገባል። ውሃው ከፈላ በኋላ ዱቄቱ እየተነሰነሰ ይማሰላል፤ በአንዴ ከተገለበጠ ይጓጉላል። ከዚያ በዝግታ 15 ደቂቃ ያህል ካልተንተከተከ ጥሬ ጥሬ ይላል። የዚህ ቤት አንዱ ጉድለትም እዚህ ጋ ነው። ዓርብ ባልየው ለጁምዓ ሲወጣ ምድጃው ላይ እሷ ብቻዋን ትቀራለች፤ ሰዓቱ ደግሞ ምሳ የሚጦፍበት ነው። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል የሚወጣው ሽሮ አንዳንዴ ሳይበስል ይቀርባል። ዓርብ የምትሄዱ ከሆነ በያይነቱ እዘዙ፤ ወጡ ጠዋት ስለሚሠራ ችግር የለበትም። እሁድ በተቃራኒው እሷ ቅዳሴ ስትሆን እሱ ይከፍታል፤ የእሱ ፍርፍር በርበሬው ጠንከር ይላል፤ ለስለስ ያለ ለሚወድ አይሆንም። ለፋሲካም ለዒድም፣ ለገናም ለአረፋም ቤቱ ይዘጋል። ገበያው እያለ ሁሉም አብረው መዝጋታቸው ያስከብራቸዋል።

በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገባ። በ2018ም ሁለቱ በየካቲት ተከታትለው ነው የገቡት። ለብዙ ምግብ ቤት ይህ የኪሳራ ወቅት ነው፤ ቀን ሙስሊሙ አይበላም፣ ክርስቲያኑም አንዳንዱ እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። እዚህ ግን ያው የጾም ወጥ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ለአንዱ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ለሌላው ይቀርባል። ለማፍጠሪያ ተምር፣ የአጃ ሾርባና የምስር ሳምቡሳ ይጨመራል። ምስሩ ውሃውን ጨርሶ ስለሚገባ ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ አይፈነዳም፤ ዘይቱም ስጋ ነክቶት ስለማያውቅ ጿሚው ክርስቲያን ሳይጠራጠር ያዝዛል። የተምር ሰሃን ለሁሉም ጠረጴዛ ይዞራል።

እንጀራው የሚጋገረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አንዱ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላልና ሁለቱ ባንዴ ሲበሩ መስመሩ አይችልም፤ ስለዚህ ተራ በተራ ነው። ጠዋት መብራት ከጠፋ 7 ሰዓት ላይ እንጀራ ያልቃል፤ ተጨማሪ የምትበሉ በጊዜ ሂዱ።

ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ነው። በቴሌብር ስትከፍሉ የሚወጣው የልጁ ስም ነው፤ የአባቱ ስም ከባልየው ስም ጋር አይገጥምም። ገንዘቡ ለሌላ ሰው ሊሄድ ነው ብለው የሚያቋርጡ አሉ፤ ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ጋር ከገጠመ ይበቃል። «ጋሼ፣ ልጁ ያንተ ነው?» ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ ግን ነውር ነው። ልጁ «አባዬ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ለደንበኛ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንዳንዱ ግን ሒሳብ እየከፈለ ይጠይቃል፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ መልስ ይቆጥራል።

ባለቤቶቹ በአስቸኳይ ሊያስተካክሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። «ስጋ አንሠራም» የሚለው ጽሑፍ ያለው ከሒሳብ መቀበያው በላይ፣ ውስጥ ነው። በሩ ላይ መስቀልም ጨረቃም ስለሌለ አዲስ ሰው ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ ያመነታና ያልፋል። በ2016 የፒያሳ ሰፈሮች ፈርሰው ነባሩ ደንበኛ ከተበተነ ወዲህ አላፊ አግዳሚው የቤቱ ዋና ገበያ ነው። ያቺ ወረቀት ወጥታ በሩ ላይ ትለጠፍ።