ጣና ዳር የአሮጌ ሰይፍ ሱቅ፦ ሳይገዙ በፊት

ምርጫው ሰፊ ነው፤ የተለጠፈው ስም ግን ያሳስታል፤ ሁሉም «የጎንደር ሾተል» ተብሏል። ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠና በሁለት በኩል የተሳለ ነው። በትንሹ የታጠፈው፣ ባለ አንድ ስለቱ፣ ጎራዴ ነው።

የብዙ ጎራዴዎች ብረት ከአውሮፓ የመጣ ስለሆነ እጀታው ሥር የዞሊንገን (የጀርመን ከተማ) ማኅተም ወይም የይሁዳ አንበሳ ይፈልጉ። የአገር እጅ የሚታየው እጀታውና አፎቱ ላይ ነው። ሰይፉን ቀስ ብለው ይክተቱት፤ እስከ መጨረሻው ካልገባ ወይም መሃል ላይ ከያዘ፣ አፎቱ የሌላ ሰይፍ ሊሆን ይችላል።

የሱቁ ትልቁ ጥፋት፦ ባለሱቆቹ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጉታል! የተቀረጸው ምልክት አብሮ ይጠፋል፤ በዘይት የራሰ ጨርቅ ይበቃ ነበር። ያልተነካውን ይጠይቁ፣ ጓዳ አለ። ከአገር ለማውጣት ግን የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል።