«ትንሽ እንቆይ» ላለችን የጥርስ ሐኪም

ይህን ምስጋና ከመስቀል ጀምሮ ልጽፍ እያሰብኩ ሥራ ሲያዘናጋኝ ቆየ። ትናንት ግን እማዬ ቡና አፍልታ፣ ቆሎውን ከእኛ እኩል እየዘገነች ስትበላ አየኋት። በቀኝ በኩል ነው የምታኝከው። ስድስት ዓመት ሙሉ ባዶ በነበረው በኩል። ከዚህ በላይ ባዘገየው ነውር ነው።

እማዬ 63 ዓመቷ ነው። ከታች በቀኝ በኩል የመጨረሻዎቹን ሦስት ጥርሶች አጥታለች። ሁለቱ በተለያየ ጊዜ ተነቀሉ። ሦስተኛው ተሰብሮ ሥሩ ብቻ ድዷ ውስጥ ቀርቶ ነበር። «የኋላ ጥርስ ማን ያየዋል?» ትል ነበር። እኛም ዝም አልን። ጥብስ ሲቀርብ መረቁን በእንጀራ ታጠቅስና ሥጋውን ወደ እኛ ትገፋለች። ለልጆቿ ስለሳሳች ይመስለን ነበር። ማኘክ እያቃታት መሆኑን አንድም ቀን አላሰብንም። ይህን ሳስታውስ አሁንም አንጀቴን ይበላኛል።

አምና ለገና እህቴ ከአሜሪካ መጣች። እዚያ ኢምፕላንት (መንጋጋ ውስጥ የሚተከል ጥርስ) ስንት እንደሚያስወጣ ስለምታውቅ «አዲስ አበባ አሰራላታለሁ» ብላ ገንዘብ ስታጠራቅም ነው የከረመችው። ፈቃዷ ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። «አዲሱን ጥርሷን ሳላይ አልሄድም» አለች።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ራጅ አነሱና «በሳምንት ውስጥ እንጨርሳለን፣ ግማሹን ክፈሉ» አሉን። እማዬ ስኳር እንዳለባት የጠየቀን ሰው የለም። አንዱ ባለሙያ ጭራሽ አፏን እያየ «ይሄ ድድ ምን ሆኖ ነው የጠቆረው?» አለ። እማዬ አፏን ከደነች። ወደ ቤት ስንመለስ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ጎትታው ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ነች ወደ ሌላዋ ሐኪም የመራችን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ገና አርባ አልሞላትም። እማዬን ወዲያው የጥርስ ወንበሩ ላይ አላስተኛቻትም። ተራ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና መጠየቅ ጀመረች። ስኳር አለብዎት? ለመጨረሻ ጊዜ የተለኩት መቼ ነው? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? ለአጥንት መሳሳት ክኒን ወይም መርፌ ታዞልዎት ያውቃል? ሲጋራስ? እህቴ «እኛ የመጣነው ለጥርስ አይደል እንዴ?» ብላ ወደ ጆሮዬ ስታንሾካሽክ ሐኪሟ ሰማች መሰለኝ፣ ለሁላችንም አስረዳችን። ስኳር ከፍ ብሎ ከቆየ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ ኢንፌክሽንም በቀላሉ ይይዘዋል። ኢምፕላንት ደግሞ አጥንት ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም ብሎን ነው። ዙሪያውን አጥንቱ ካልያዘው ምንም አይሠራም። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመንጋጋ አጥንት እንዳይድን ሊያደርጉ ይችላሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙ ባይጠይቀውም ራሱ ይናገር። አደራ።

ከዚያ አፏን አየች። እማዬ የጎንደር ሴት ናት፤ በልጅነቷ ድዷን ተነቅሳለች። ሐኪሟ መብራቱን አስተካክላ «ውይ፣ እናቴ፣ ንቅሳትዎ እንዴት ያምራል! አያቴም ነበራት» አለቻት። እማዬ አፏን ሊከድን የተነሳው እጇ እግሯ ላይ ሲወርድ አየሁት። ሐኪሟ ይህን ያለችው ለማስደሰት ብቻ አልነበረም። የተነቀሰ ድድ ሲቆጣ መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፣ ጥቁረቱ ይሸፍነዋል። ስለዚህ በዓይን አይታ ብቻ አላለፈችውም። በቀጭን መለኪያ የእያንዳንዱን ጥርስ ዙሪያ እየነካች፣ የሚደማውን ለረዳቷ እያስመዘገበች ሄደች። ድዱ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ይመስል ነበር፤ ውስጡ ግን ታሟል።

ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ 9.4 በመቶ ሆኖ መጣ፤ ከፍተኛ ነው። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ «እንዲህ ሆኖ ብሎን አላስገባም። ትንሽ እንቆይ» አለች። እህቴ አለቀሰች። ገንዘቡ በእጃችን ነው፣ ጊዜ ግን የለንም። ሌላ ቦታ በሳምንት እንጨርሳለን እንዳሉንም ነገረቻት። ሐኪሟ በማንም ላይ ክፉ ቃል አልተናገረችም። ሁሉ ነገር የተመቸለት ሰው ኢምፕላንቱ በገባበት ቀን ጊዜያዊ ጥርስ ሊደረግለት እንደሚችል፣ የእናታችን ግን እንደዚያ እንዳልሆነ ብቻ አስረዳች። ነገሩን የቆረጠችው እማዬ ናት። «ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሐኪሟን ስሚያት» አለቻት።

እህቴ ጥርሱን ሳታይ ተመለሰች።

በዚያ ጊዜ የተሰበረው ሥር ተነቀለ፣ ድዷም በሦስት ቀጠሮ ታከመ። የድድ ሕመምና ስኳር እርስ በርስ የሚባባሱ ናቸው፤ አንዱ ሲሻለው ሌላውም ይረጋጋል። የስኳር ሐኪሟ መድኃኒቷን አስተካከለላት። ከፋሲካ በኋላ ውጤቱ ወደ 7.1 ወረደ። ወረቀቱን ይዘን ስንገባ ሐኪሟ ከመቀመጫዋ ተነስታ እማዬን አቀፈቻት።

ሌሎቹንም አማራጮች አልደበቀችንም። ብሪጅ (ከፊትና ከኋላ ባሉ ጥርሶች ላይ ተደግፎ ክፍተቱን የሚሸፍን ጥርስ) አይሆንም ነበር፤ ከኋላ የሚደገፍበት ጥርስ የለም። ተነቃይ ጥርስ በዋጋው በጣም ይቀላል፣ ለብዙ ሰውም በቂ ነው። እማዬ ግን «ጥርሴን ብርጭቆ ውስጥ ነክሬ አልተኛም» አለች። ስለዚህ ሁለት ኢምፕላንት ገብቶ ሦስት ጥርስ እንዲሸከም ተወሰነ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት መንጋጋዋ በሁሉም አቅጣጫ በሚያሳየው ራጅ ተነሳ። ሐኪሟ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዙራ፣ በታችኛው መንጋጋ ውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ መስመር በጣቷ አሳየችን። ከዚህ ነርቭ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር መራቅ አለባት። ነርቩ ከተነካ ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዝ ይችላል። ጥርሶቹ ከወጡ ስለቆዩ በአንደኛው ቦታ አጥንቱ ሳስቷል፤ እዚያ ላይ የአጥንት መሙያ እንደምትጨምር ቀድማ ነገረችን።

እህቴ በቪዲዮ ሆና «ብረቱን ሰውነቷ አይገፋውም?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ ያኔ የነገረችንን ታሪክ እኔም ለስንት ሰው አውርቼዋለሁ። ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ የጥንቸል አጥንት ውስጥ የቲታኒየም መሣሪያ አስገብቶ ያጠና ነበር። ሲጨርስ ሊያወጣው ቢል እምቢ አለው፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። እ.ኤ.አ. በ1965 ይህንኑ ዘዴ ጎስታ ላርሶን ለሚባል ሰው የታችኛው መንጋጋ ተጠቀመበት። ሰውየው እስኪሞት፣ 40 ዓመት ያህል፣ በእነዚያው ኢምፕላንቶች ኖረ። እህቴ ከዚያ በኋላ ጥያቄ አላነሳችም።

ቀዶ ሕክምናው ግንቦት ላይ ሆነ፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም አልበለጠም። የማደንዘዣ መርፌ ብቻ ነው የተወጋችው። ጥርሱን ሲነቅሉላት የበለጠ እንዳመማት ራሷ ትናገራለች። ጉንጯ ሁለት ቀን አበጠ። በመጀመሪያው ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። የሐኪሟ ረዳት ነች። «እናቴ እንዴት ናቸው? ደሙ ቆመ? በረዶውን እያነሳችሁ ነው የምታስቀምጡት?» እኛ ሳንደውል ነው የደወለችው። አንቺ ረዳቷ፣ ስምሽን ባልጽፈውም እማዬ በጸሎቷ ትጠራዋለች።

ከዚያ እንደገና ጥበቃ። አራት ወር ገደማ። አጥንቱ ብረቱን እስኪይዝ ማስቸኮል አይቻልም።

መስከረም ሲጠባ የጥርሱ ቀለም ተመረጠ። ሐኪሟ እማዬን ወደ መስኮቱ ወስዳ፣ በተርታ የተደረደሩ የጥርስ ናሙናዎችን አንድ በአንድ ከጥርሷ ጎን እያስጠጋች በቀን ብርሃን አነጻጸረች። እኔ ነጩን ጠቆምኩ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። «የእናቴ ጥርስ የቡና ጥርስ ነው። ነጩን ብናደርገው ባዕድ ይሆንባቸዋል» ብላ ትንሽ ቢጫ ያለበትን መረጠች። ጥርሱን የሠራው የላብራቶሪ ባለሙያ ደግሞ በላዩ ላይ ያሉትን ስርጉዶች ሳይቀር ከግራ በኩሉ ጋር አመሳስሎታል። አንተን አላየንህም፤ እጅህ ግን ይባረክ።

መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን ተገጠመ። እማዬ መጀመሪያ የጠየቀችው «ቆሎስ?» ብላ ነው። «ገብሱን በደንብ ሲለምዱት። ጠንካራውን ሽምብራ ግን ይለፉት፣ ጥርሱ ሊሸረፍ ይችላል» አለቻት። ኢምፕላንት እንደ ጥርስ አይበሰብስም፤ ዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ካልተጠበቀ ይታመማል፣ ብሎኑም ሊላላ ይችላል። ስለዚህ ለእማዬ በጥርሶቹ ሥር የምታስገባትን ትንሽ ብሩሽ መስታወት ፊት አቁማ አለማመደቻት። የወይራ መፋቂያዋንም አልከለከለቻትም፣ ብሩሹ እንዳይቀር ብቻ አስጠነቀቀቻት።

ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ይህን ልደብቅ አልችልም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ምርመራው፣ ኢምፕላንቱ፣ የአጥንት መሙያውና ላዩ ላይ የሚገባው ጥርስ ተነጣጥለው በወረቀት ተጽፈው ተሰጡን። በሦስት ጊዜ ከፈልን። መጨረሻ ላይ አንድ ብር አልተጨመረም። የገባው ኢምፕላንት ዓይነትና መለያ ቁጥሩ ያለበት ካርድም ሰጥታናለች። ወደፊት ሌላ ሐኪም ቢያያት ያስፈልገዋልና ይህን ካርድ ሳትቀበሉ አትውጡ።

የሐኪሟን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ራሷ ስለለመነችኝ ነው። ብዙ ሰው በአንዴ ከመጣ ለእያንዳንዱ ጊዜ መስጠት እንዳይከብዳት ሰግታ ነው። እናቱን ወይም አባቱን ለማሳከም የሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ስልኳን እሰጠዋለሁ። ስትሄዱ የቅርብ ጊዜ የስኳር ውጤትና የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።

ዶክተርዬ፣ ገንዘባችን በእጃችን እያለ «ትንሽ እንቆይ» ስላልሽን እግዚአብሔር ይስጥልን። እህቴ ለፋሲካ ትመጣለች። እማዬ ከአሁኑ የምትታረደውን ዶሮ እያሰበች ነው፤ አንቺም እንድትመጪ ንገሪልኝ ብላኛለች።