የፈንግል ክትባት፦ በዓይን ጠብታ ወይስ በመጠጥ ውሃ?

ቡሬም ሆነ ዳንግላ ዶሮ የሚያረባ ሰው ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። ፈንግል የተባለው የዶሮዎች የቫይረስ በሽታ ከገባ ቆጡ በጥቂት ቀናት ባዶ ሊቀር ይችላል።

ድካም፦ ጠብታው እያንዳንዷን ዶሮ መያዝ ይጠይቃል። ሲመሽ፣ ቆጥ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ይቀላል፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ያንጠባጥባል። ዶሮዋ ዓይኗን እስክታርገበግብ አትለቀቅ። በውሃ ከሆነ መያዝ የለም።

መከላከያ፦ ልዩነቱ የሚሰፋው እዚህ ነው። በዓይን የገባው ጠብታ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ስለዚህ ፀረ እንግዳ አካላት በደም ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቫይረሱ በሚገባበት በር ላይም ይፈጠራሉ። በውሃ ሲሰጥ ግን አውራው ገፍቶ ይጠጣል፣ ደካማዋ ቄብ ሳይደርሳት ትቀራለች፤ እኔን የምታሳስበኝ እሷ ናት።

ስጋት፦ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ሕያው ክትባቱን ይገድለዋል። ንጹሕ የምንጭ ውሃ ይሻላል፤ ዶሮዎቹም አስቀድመው አንድ ሁለት ሰዓት ይጠሙ። ሙቀት ሁለቱንም ይጎዳል፤ አይ-2 የተባለው የክትባት ዝርያ ሙቀት ስለሚችል ፍሪጅ ለሌለበት ቀበሌ ይመቻል።

በጓሮዋ አሥር አሥራ አምስት ዶሮ ላላት እናት ጠብታውን እመክራለሁ፤ አይ-2 ከሆነ በየአራት ወሩ ይደገም። ደብረ ማርቆስ ዳር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎችን ዘግቶ ለሚያረባ ውሃው ያዋጣል፣ ማጠጫው ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያስጠጋ ከሆነ። ሁለቱም ከወፍ ጉንፋን አይከላከሉም።