እህቴን ይዤ የሄድኩበት የኤአርቲ ክፍል

ታናሽ እህቴ ኤች አይ ቪ በደሟ እንዳለ ካወቀች በኋላ ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረንም። ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ መሄድ አልፈለገችም፤ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ጎረቤት ትሠራለች። ስለዚህ ሁለት ታክሲ ይዘን ሌላ ክፍለ ከተማ ወዳለ የኤአርቲ ክፍል፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደሚሰጥበት ማለት ነው፣ ሄድን። ስሙን አልጽፍም። የምጽፈው፣ የመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚመስል የሚነግረን ሰው ስላጣን ነው።

እኔ የመሰለኝ መድኃኒት ሰጥተው የሚሸኙን ነበር። ሲስተሯ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አብራን ተቀመጠች። ሳል አለሽ? ትኩሳትስ? ሌሊት ያልብሻል? ከስተሻል? ቲቢ ካለ የመድኃኒቱ አጀማመር ስለሚለወጥ ነው ይህን ቀድማ የጠየቀችው፤ ከሌለ ደግሞ የቲቢ መከላከያ ይሰጣል አለችን። ከዚያ መዘነቻት። ባትሪ አብርታ ምላሷንና ላንቃዋን አየች፣ አንገቷንና ብብቷን በጣቷ እየዳሰሰች ንፍፊት ፈለገች፣ እጅጌዋን ሰብስባ ቆዳዋን አየች። "አልማዝ ባለጭራ ወጥቶብሽ ያውቃል?" ስትላት እህቴ ዞራ አየችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ጎኗ ላይ ወጥቶባት የባህል መድኃኒት ቀብተን ዝም ብለን ነበር። ሲስተሯ አልተቆጣችንም። ጻፈችው፤ ከ1 እስከ 4 ያለውን የሕመሙን ደረጃ ለመለየት እንደሚጠቅማት ነገረችን።

ፀበል ትጠመቂያለሽ ወይ ብላም ጠየቀች። "ተጠመቂ የኔ እናት፣ መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጪ" አለቻት። የጨጓራ መድኃኒት እንደምትወስድም ጠየቀቻት፤ አንዳንዱ ከኤች አይ ቪው መድኃኒት ጋር እኩል ከተዋጠ ኃይሉን ይቀንስበታል፣ ሰዓቱ መራራቅ አለበት። እህቴ ደግሞ በየቀኑ ነበር የምትወስደው።

ከባዱ "ቤት ማን ያውቃል? ባለቤትሽ ተመርምሯል? ልጅሽስ?" የሚለው ነበር። የ4 ዓመት ልጅ አለቻት። እዚህ ላይ አለቀሰች። ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እስክትጨርስ ዝም ብላ ጠበቀቻት፤ ማን አስያዘሽ፣ ከየት አመጣሽው የሚል ነገር ከአፏ አልወጣም።

ደም ተሰጠ፦ ሲዲ ፎር (የሰውነት መከላከያ ሴሎች ብዛት)፣ የጉበት ቫይረስ፣ ኩላሊት፣ የደም ማነስ። ሲዲ ፎሩ ከ200 በታች ከሆነ ሌላ ተጨማሪ ምርመራ አለ፤ የእሷ 310 ወጣ። የማህፀን በር ምርመራ ቀጠሮም ያዙላት። ብር ይዘን ነበር የሄድነው፣ ለመድኃኒቱ ግን ምንም አልከፈልንም፤ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በነፃ ነው። ሦስት መድኃኒት በአንድ ፍሬ፣ በቀን አንዴ። በስድስት ወሯ ቫይራል ሎድ፣ በደሟ ያለውን የቫይረስ መጠን ማለት ነው፣ ትለካለች።

ያሳዘነኝን ልናገር። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ስሟን እስከ አባቷ ጠርቶ "ኤአርቲ ናት፣ ወደዚያ አሳልፏት!" ብሎ ጮኸ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። በሩም ምርመራው መሐል አምስት ጊዜ ሳይንኳኳ ተከፈተ፤ አንዴ እንዲያውም እህቴ ልብሷን አውልቃ ነበር። ይህ ካልተስተካከለ ሰው ሁለተኛ አይመለስም፤ እሷም በመመለሻ ታክሲ ላይ "አልመጣም" ብላኝ ነበር። ያስመለሳት የሲስተሯ ነገር ነው። ለመሄድ ያሰባችሁ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ፤ የምታምኑት ሰው ካለም አብሯችሁ ይሂድ።

ልጅቷን ሐሙስ አስመረመርናት፤ ነፃ ናት። ባሏ እስካሁን አልሄደም፣ እየለመንነው ነው። እህቴ መድኃኒቷን ያኑ ዕለት ጀምራለች፤ ማታ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ስልኳ ይጮሃል።