የዕቃ ማጠቢያ ስፕሬይ፦ የሱቁ ወይስ የቤቱ?

አሜሪካ ያላችሁ ዳውን ፓወርዋሽን ታውቁታላችሁ። በአውሮፓውያኑ 2020 ገበያ የወጣ፣ ዕቃው ላይ በቀጥታ የሚረጭ ነው። አረፋው ወፍራም ስለሆነ ከድስቱ ጋር ተጣብቆ ይቆያል፤ ወጥ ላረረበት ድስት የሚበልጠው እሱ ነው።

የቤቱ ሦስት ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ አንድ ኩባያ ተኩል ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የፋርማሲ አልኮል፣ መጨረሻ ላይ ሩብ ኩባያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና። ቀስ ብላችሁ አገላብጡት እንጂ አትነቅንቁት፣ አረፋ ብቻ ይሆናል። በተራ መርጫ ቀጠን ብሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ የሱቁን አንዴ ገዝቶ፣ ሲያልቅ ጠርሙሱ ውስጥ የቤቱን እየሞሉ መጠቀም ይሻላል። ለዕለት ሳህንና ብርጭቆ የቤቱ በደንብ ይበቃል፤ የኔም ምርጫ እሱ ነው።

በረኪና ግን ፈጽሞ አትጨምሩበት፤ ከአልኮሉ ጋር መርዛማ ነገር ይፈጥራል። ከበራ ምድጃም አርቁት።