ክራር ከፈለጋችሁ ቱሉ ዲምቱ ሂዱ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ ክራርና ማሲንቆ የሚሠራ ቤት አለ። ጠባብ ነው፤ ቆዳና ሙጫ ይሸታል። የክራሩ አውታር ከውጭ የሚገባ ናይለን ነው። እኔ የጅማቱን ድምፅ እመርጣለሁ፤ ናይለኑ ግን ቶሎ አይበጠስም፣ በየሠርጉ ለሚዞር ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ማሲንቆው አሁንም በፈረስ ጭራ ነው። ባለሙያው የትዝታን ቅኝት ቃኝቶ ወደ ባቲ ቅኝት ሲያዞረው ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፓሪስ የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሲዲ አልበሞች ስብስብ ሙዚቃችንን ለዓለም አሰምቷል። እዚህ ግን አብዛኛው ገዢ ክራሩን የሚፈልገው ለግድግዳ ጌጥ ነው። ሠርጉንም ኪቦርድ ወስዶታል። በጣም ያንገበግበኛል።

ዋጋው ተመጣጣኝ ነው። ስታዙ «ልጫወትበት ነው» በሉት፤ የጌጡ ሥራ ሌላ ነው።